ርግቦቹን የለቀቀው ሰውዬ

ልጅ ሆነን ፊልም የአክተሩ ነበር። አክተር አለ፣ ቦስ አለ፣ የአክተሩ ጓደኛ አለ (እሱ መሞቱ አይቀርም)፣ በቃ። ፊልሙን ማን ሠራው ብትሉን መልሳችን «ቫን ዳም» ነው። ከካሜራው ጀርባ ቆሞ «አልጣመኝም፣ ድገሙት» የሚል ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ልጅ በእኛ ሰፈር አልነበረም።

በዚህ ምክንያት ሦስት ፊልሞችን ለየብቻ ስወድ ኖርኩ። አንዱ ቫን ዳም እባብ በቡጢ መትቶ ጅራቱን በጥርሱ የሚቆርጥበት ነው። ሌላው ሁለት ሰዎች ፊታቸውን የሚቀያየሩበት። ሌላው ደግሞ ቶም ክሩዝ በሞተር ሳይክል ጉድ የሚያሳይበት። ሦስቱም የአንድ ሰው ሥራ መሆናቸውን ያወቅኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ለየብቻ ሰላም ስትላቸው የኖርካቸው ሦስት ሰዎች የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ለቅሶ ቤት ሄደህ እንደምታውቀው ማለት ነው። «እንዴ! ወንድማማቾች ናችሁ እንዴ?» ትላለህ። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስታያቸው አፍንጫቸው አንድ ነው። እስከዛሬ እንዴት አላየሁም ብለህ በራስህ ትገረማለህ።

የእነዚህ ፊልሞች አፍንጫ ርግብ ነው።

ሰውዬው ጆን ዉ ይባላል። ዕድሜው ከአባቴ ስለሚበልጥ አንቱ ልለው በተገባ ነበር፤ ግን ፊልም ሠሪ አንተ ሲባል ነው የሚያምረው፣ ይቅር ይበለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

መጀመሪያ ግን ቪዲዮ ቤቱን ላሳያችሁ። ጅማ፣ ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ። የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በጆንያ የተደፈነ መስኮት፣ አራት ረድፍ አግዳሚ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በጠመኔ «ዛሬ በ8 ሰዓት ምርጥ አክሽን» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ቀን ምርጥ አክሽን ነው። መግቢያው 50 ሳንቲም ነበር፣ በኋላ አንድ ብር ገባ። ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ)፣ ከዴኩ አጠገብ ባለቤቱ፣ በአንድ እጁ ሪሞት በሌላው ጫቱን ይዞ። እናቶቻችን ቪዲዮ ቤት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር። ገበያ ተልከን እዚያ ከተገኘን ደግሞ የሚጠብቀን ሌላ ፊልም ነው፤ እዚያኛው ላይ አክተሩ እኛ አይደለንም።

ጅማን የሚያውቅ ሰው ዝናቧን ያውቃል። በክረምት ብቻ አይመጣም፤ በበልጉም አለ፣ ክረምት አበቃ ስትልም አለ። ያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ የተቀመጠው ልጅ የሚልህን አትሰማም፣ እንኳን ቴሌቪዥን። ባለቤቱ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይጨምራል፣ ግን ዋጋ የለውም። ዝም ብለን እናያለን። እንግሊዝኛውን እንደሆነ ድሮም አንሰማውም፣ የቻይናውንማ ተዉት። ዘነበም አልዘነበም እኛ የምናየው ንግግር የሌለው ፊልም ነበር፤ ታሪኩን የምናነበው ከፊት፣ ከእጅ፣ ከአረማመድ ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ትልልቅ ልጆች ይተረጉሙልናል፤ ትርጉማቸው ግማሹ ውሸት ነው። «ይሄ የእናቱን ገዳይ ነው የሚፈልገው» ይሉናል። የትኛውም ፊልም ቢሆን አክተሩ የእናቱን ገዳይ ነው የሚፈልገው።

የጆን ዉ ፊልም የገባ ቀን ግን አንድ ችግር ይፈጠራል። መሀል ተኩስ ላይ ምስሉ በድንገት ቀስ ይላል። ሰውዬው ይዘላል፣ አየር ላይ ይቀራል፣ ካፖርቱ ይንሳፈፋል፣ መስታወቱ ፍንጣሪው እየተቆጠረ ይረግፋል። ከኋላ ጩኸት ይነሳል፦ «ሄዱ ቆሽሿል! ሄድ አጽዳ!» ባለቤቱ እየተራገመ ይነሳል፣ ካሴቱን ያወጣል፣ በአልኮል በነከረው ጥጥ ሄዱን፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል፣ ይጠርጋል፣ ካሴቱን መልሶ ይከታል። ፊልሙ ካቆመበት ይቀጥላል። አሁንም ቀስ ብሎ። ስሎው ሞሽን የሚባል ነገር መኖሩን የተማርኩት እንዲህ ነው።

አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ አባ ርግብ እንለው ነበር። ጅማ ውስጥ አባ ያልተባለ ማን አለ፣ ንጉሡም አባ ጅፋር ነበሩ። የእሱ ስም የመጣው ጣሪያቸው ላይ ከሠራት የሳጥን ቤት ነው። እዚያ ርግብ ያረባል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ የሌላ ልጅ ርግብ አታልሎ ያስቀራል (ይህንን እሱ አያምንም)። ሁላችንም «ተኩሱ መቼ ነው?» ስንል እሱ «ርግቧን አያችኋት?» ይል ነበር። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ግን ያኔ ከመሀላችን ዳይሬክተሩን ያወቀው እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ስሙን ሳይሆን እጁን።

እኔ የነቃሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ተማሪ ሆኜ፣ ፊልም በፍላሽ የሚጭን አንድ ልጅ ሱቅ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ፊልሞቹን «አክሽን»፣ «ሕንድ»፣ «ኮሪያ» እያሉ ነው የሚያስቀምጡት። ይሄ ልጅ ግን ነገረኛ ነበር፣ ፎልደሮቹን በዳይሬክተር ስም ነው የከፈላቸው። «ጆን ዉ» የሚለውን ስከፍተው የልጅነት ሦስት ፊልሞቼ ተደርድረው አገኘኋቸው፤ ከእነሱ በላይ ደግሞ የማላውቃቸው የሆንግ ኮንግ ፊልሞች። «እነዚህን ሳታይ ጆን ዉን አየሁ አትበል» አለኝ ልጁ። ንቀቱ ቢያናድደኝም ትክክል ነበር።

ጆን ዉ የተወለደው በ1946 ደቡብ ቻይና፣ ጓንዡ ውስጥ ነው። ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሆንግ ኮንግ ሸሸ፣ እሱ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ገደማ ነው። ሆንግ ኮንግን የሚገዛት እንግሊዝ ነበር፤ ከዋናው ቻይና የሚጎርፈው ሕዝብ ኮረብታው ላይ የእንጨትና የቆርቆሮ ጎጆ እየቀለሰ ይኖርባታል። የእነሱ ሰፈር ሼክ ኪፕ ሜይ ይባላል። በ1953 የገና ሌሊት እሳት ተነሳና ከ50,000 በላይ ሰው ቤት አልባ አደረገ። የእነ ጆንም ጎጆ አብራ ሄደች።

አባቱ አስተማሪ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ሥራ መሥራት አቃተው። እናቱ ቤቱን ለማቆም ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነች። እኛም ከተማ ውስጥ አዲስ ሕንፃ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ባሬላ ተሸክመው የሚወጡ የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ይህንን ሳነብ የመጡብኝ እነሱ ናቸው። ይቺ እናት ግን ድካሟን ይዛ ሲኒማ ትገባ ነበር። ወላጅ ልጁን በነፃ ይዞ መግባት ይችል ስለነበር ጆንን ይዛው ትገባለች። የአሜሪካ የሙዚቃ ፊልሞች ነፍሱ ሆኑ፣ «ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ»ን ጨምሮ። ከሲኒማው ውጪ የነበረው ሕይወት የዱርዬ ሰፈር ነው። መጠለያው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የትምህርት ቤት ክፍያውን በቤተ ክርስቲያኗ በኩል አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ይሸፍንለት ነበር። ሲያድግ መሆን የፈለገውም ሰባኪ ነው።

ልብ በሉልኝ፣ በአንድ ፊልም ውስጥ መቶ ሰው የሚገድለው ሰውዬ ሰባኪ ሊሆን ነበር።

ሰባኪነቱ ቀረና በ1969 ካቴይ በሚባል የፊልም ኩባንያ ተቀጠረ። በ1971 ወደ ሾው ብራዘርስ ተዛወረ፣ በወቅቱ የካራቴ ፊልም ፋብሪካ ማለት እሱ ነው (ካራቴ የምለው በሰፈራችን አጠራር ነው፣ ኩንግ ፉ በሉት ከፈለጋችሁ)። እዚያ የቻንግ ቼ ረዳት ሆነ። ቻንግ ቼ የወንድማማችነት፣ የመሐላና የደም ፊልሞች ጌታ ነው፤ የእሱ ጀግኖች አንጀታቸው ተዘርግፎም ቆመው ነው የሚሞቱት። ጆን ዉ በኋላ ጎራዴውን ወደ ሽጉጥ ቀየረው እንጂ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ለጓደኛ መሞት፣ ቃል አለማጠፍ፣ ክህደትን አለመርሳት። እኛ አገርም የሚገባ ነገር ነው፣ ማንም ሳይተረጉምልን የገባን ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ምናምን ዓመት ብዙም አያስደስትም፣ ቶሎ ልለፈው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ዳይሬክተር ሆነ፣ ጥቂት የኩንግ ፉ ፊልም ሠራ፣ አንዱ ላይ ጃኪ ቻን ገና ስም ሳያወጣ ተጫውቶለታል። በ1977 ደግሞ አንድ ኮሜዲ ሠርቶ ቲኬቱ ተቸበቸበለት። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የመጣው። «አንተ የኮሜዲ ሰው ነህ» ተባለ። ዓለም በደምና በባሩድ የሚያውቀው ሰው ለዓመታት ሰው ሲያስቅ ነው የኖረው። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ኮሜዲዎቹም ማሳቅ አቆሙ፣ የሚሠራበት ኩባንያ ታይዋን ላከው፣ እዚያ የሠራውም አልሆነም። አርባኛ ዓመቱ እየመጣ ነው። በሆንግ ኮንግ ቋንቋ ያለቀለት ዳይሬክተር ነበር።

1986 ላይ የምወደው ታሪክ ይጀምራል። ሱይ ሃርክ የሚባል ዳይሬክተር ጓደኛው ነበር፣ ያኔ ስሙ የገነነ። «ሲያምርህ የኖረውን ፊልም ሥራ፣ እኔ ፕሮዲውስ አደርግልሃለሁ» በሚል መንፈስ ደገፈው። ፊልሙ «ኤ ቤተር ቱሞሮው» ነው። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ወንበዴ፣ አንዱ ፖሊስ፣ በመሀል የወንበዴው ጓደኛ። አሁን ተዋንያኑን እዩልኝ። ታላቅ ወንድሙን የሚጫወተው ቲ ሉንግ የሾው ብራዘርስ ኮከብ የነበረ፣ ዘመኑ ያለፈበት ሰው ነው። ጓደኛውን የሚጫወተው ቾው ዩን ፋት በቴሌቪዥን ቢወደድም ሲኒማ ላይ ገበያ የሚገድል ተብሎ ይፈራ የነበረ ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከታይዋን የተመለሰ ኮሜዲ ሠሪ። ሦስት የተገፉ ሰዎች ተሰብስበው ስለተገፉ ሰዎች ፊልም ሠሩ። ሲታይም ይታወቃል። ቾው ዩን ፋት እግሩን እየጎተተ መኪና ሲያጥብ፣ የጣሉለትን ብር ከመሬት ሲለቅም፣ አያስመስልም።

ፊልሙ ከ34 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገብቶ የከተማዋን ሪከርድ ሰበረ፣ በሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማትም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተባለ፣ ቾው ምርጥ ተዋናይ። የከተማዋ ወጣት በዚያ በሚያልብ ሙቀት ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ክብሪት እንጨት በጥርሱ ነክሶ መንገድ ለመንገድ ይንጎራደድ ጀመር። ላብ ምን ያርግ፣ ፋሽን ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ «ዘ ኪለር» መጣ። 1989። እኔን ብትጠይቁኝ የሰውዬው ቁንጮ ይሄ ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ አልሠራም፣ መከራከር የሚፈልግ ይምጣ። ቾው ዩን ፋት ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለ ሳያስበው የአንዲት ዘፋኝ ዓይን ይጎዳል። ለዓይኗ ሕክምና ገንዘብ ለማግኘት አንድ የመጨረሻ ግድያ ይቀበላል። የሚያሳድደው ፖሊስ ደግሞ እያሳደደው ይወደዋል።

እዚያ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለች። ፖሊሱ ገዳዩን ልጅቷ ቤት ያገኘዋል። ሁለቱም ሽጉጥ ያወጣሉ፣ ግንባር ለግንባር ይደጋገናሉ። ልጅቷ አታይም። ማን መጣ ትላለች። የድሮ ጓደኛዬ ነው ይላታል ገዳዩ። ሻይ አፍልታ ታቀርባለች። ሁለቱ ሰዎች በሽጉጥ ተፋጥጠው ክፍሉን እየዞሩ፣ በአፋቸው እየተጫወቱ፣ የልጅነት ቅጽል ስም ፈጥረው እየተጠራሩ፣ እሷ በመሀላቸው ሻይ ይዛ ታልፋለች። አስቡት እንግዲህ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጀበናው ቀርቦ፣ እናትህ «ተጫወቱ እንጂ» እያለች፣ ከረከቦቱ በላይ ሁለት ሽጉጥ። ያስቃል፣ ያስፈራል፣ ደግሞ ያሳዝናል፣ ሁሉንም በአንድ ላይ። ድምፁን አጥፍታችሁ ብታዩትም ሁሉ ነገር ይገባችኋል። ዝናብ አያሸንፈውም።

መጨረሻው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሻማ፣ መስቀል፣ የማርያም ሐውልት፣ ተኩስ፣ ርግቦች። ሰባኪ ሊሆን የነበረው ልጅ እዚህ ነው የወጣው። የንጹሕ ነፍስ ምልክት ናቸው ይላል ስለ ርግቦቹ። ሌላ ዳይሬክተር ቢያደርገው ጅል ነበር የሚመስለው፤ እሱ ግን ስለሚያምንበት ያምርበታል። የማያምን ሰው ነጭ ርግብ ከለቀቀ የሰርግ ቪዲዮ ይሆንበታል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ሳልናገር አላልፍም። የዚህ ሰው ሴቶች ሁሌም ይጠብቃሉ። ይዘፍናሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይታወራሉ፣ ይጠብቃሉ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ትልቁ ፍቅር የሁለቱ ወንዶች ነው። እናቱ ያንን ሁሉ ባሬላ ተሸክማ አሳድጋው አንዲት እሷን የምትመስል ጠንካራ ሴት በዚያ ዘመን ፊልሞቹ ውስጥ አለማየቴ ይቆጨኛል።

ከ«ዘ ኪለር» በኋላ ከሱይ ሃርክ ጋር ተለያዩ። በ1990 ስለ ሦስት ጓደኛሞችና ስለ ቬትናም ጦርነት የሠራው፣ የቲያናንመንን ቁስል (በ1989 ቤጂንግ ውስጥ በሰልፈኞች ላይ የደረሰውን ግድያ) ያስገባበት ፊልም ገበያ ላይ ወደቀ፤ ለልቡ የቀረበው እሱ ቢሆንም። በ1992 «ሃርድ ቦይልድ»ን ሠራ፣ የሆንግ ኮንግ ስንብቱ። ሆስፒታል ውስጥ ያለችውን ትዕይንት ፈልጋችሁ እዩ፦ ሁለት ሰዎች ኮሪደር ለኮሪደር እየተኮሱ ይሄዳሉ፣ ሊፍት ይገባሉ፣ ወጥተው ሌላ ፎቅ ላይ ይቀጥላሉ፣ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ገደማ ካሜራው አንዴም አይቆረጥም። ዘዴው ደግሞ ደስ ይላል። ፎቁ ሌላ አይደለም። ሊፍቱ ተዘግቶ ሁለቱ በሚያወሩባት ሃያ ሰከንድ ውስጥ ሠራተኞቹ እየተሯሯጡ የተሰበረውን ጠርገው፣ ኮሪደሩን ሌላ አስመስለው ይጨርሳሉ። ከዚያ በሩ ሲከፈት «ሌላ ፎቅ» ነው። እንግዳ ሳይታሰብ ሲመጣ ሳሎን እንደምታስተካክል እናት።

ከዚያ ሆሊውድ። 1993፣ «ሃርድ ታርጌት»፣ የእኛው የቫን ዳም የእባብ ፊልም። ስቱዲዮው አላመነውም ነበር፤ ምናልባት ካቃተው ብሎ ሳም ራይሚ የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር እንዲከታተለው አስቀመጠ። ሃያ ዓመት ፊልም የመራ፣ «ዘ ኪለር»ን የሠራ ሰው እንደ ተለማማጅ ተጠባቂ ተመደበለት። ደም በዛ እየተባለም ተቆራረጠበት። ራይሚ ራሱ አድናቂው ስለነበር ጣልቃ አልገባም እንጂ። የጅማው ቪዲዮ ቤት ግን ይህንን አያውቅም። ቫን ዳም ሞተር ሳይክል ላይ ቆሞ ሲተኩስ አግዳሚው ሊሰበር ነበር።

በ1997 «ፌስ ኦፍ» መጣ፣ ትራቮልታና ኒኮላስ ኬጅ። ሆሊውድ ውስጥ ከሠራቸው ሙሉ በሙሉ የእሱ የሆነው ይሄ ብቻ ነው እላለሁ። ፖሊሱ የወንበዴውን ፊት ይለብሳል፣ ወንበዴው የፖሊሱን፤ ማለትም ለዓመታት ሲለው የኖረውን ነገር፣ አሳዳጁና ተሳዳጁ አንድ ሰው ናቸው የሚለውን፣ በቀዶ ጥገና አሳየን። እኛ ቋንቋ ለማንሰማው ደግሞ ጉዱ ያኔ ነው። ማን ማን እንደሆነ የሚነግረን የለም። ከኋላ ያሉት ተርጓሚዎች እርስ በርስ ተጣሉ። «ይሄ አክተሩ ነው!» «ኧረ ቦሱ ነው!» በመጨረሻ ከዓይናቸው መለየት ጀመርን። ቦሱ በአክተሩ ፊት ሲስቅ ታውቀዋለህ።

ያ ፊልም ውስጥ አንድ ሕፃን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ተደርጎለት በተኩስ መሀል ዘፈን ይሰማል፤ ተኩሱ ጠፍቶ የምንሰማው የሕፃኑን ዘፈን ብቻ ነው። ዘፈኑ የ«ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ነው፣ እናቱ በነፃ ይዛው ትገባ በነበረ ጊዜ ከወደደው ፊልም። ይህንን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ ያችን ትዕይንት ሳይ ውጪ ይዘንብ ነበር። ለዓመታት በአእምሮዬ የነበረው የዚያ ተኩስ ድምፅ የጅማ ዝናብ ነው። እውነቱን ለመናገር እሱም አይከፋም።

«ፌስ ኦፍ» በዓለም ዙሪያ 245 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። በ2000 «ሚሽን ኢምፖሲብል 2» ከ540 ሚሊዮን በላይ አስገብቶ የዚያ ዓመት አንደኛ ሆነ። ብዙ ገንዘብ ያመጣለት ፊልም ከደካሞቹ አንዱ ነው። ተዉኝ እባካችሁ፣ ርግቧ አለች፣ እሳቱ አለ፣ ቶም ክሩዝ ፀጉሩን አስረዝሟል፣ ግን ወንድማማችነቱ የለም። የሞተር ሳይክልና የመነጽር ማስታወቂያ ነው። ልጅ ሆኜ ወድጄዋለሁ፣ አልክድም። ያኔ ሞተር ሳይክል ያለበት ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቁልቁለት። በ2002 ናቫሆ ስለሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ወታደሮች የሠራው የጦርነት ፊልም ወጪውን እንኳን መመለስ አልቻለም። በ2003 አንድ ደከም ያለ ጨመረ። ሆሊውድ ስልክ ማንሳት ሲያቆም ምን ይደረጋል፣ አገር ቤት ይገባል። ደግሞ በባዶ እጁ አልገባም። በ208 ዓ.ም. የተደረገውን፣ ቻይናዊ ሁሉ ከልጅነቱ የሚሰማውን የቀይ ገደል ጦርነት በሁለት ክፍል አወጣው፣ «ሬድ ክሊፍ»፣ 2008 እና 2009። 80 ሚሊዮን ዶላር፣ ያኔ ለእስያ ፊልም ከባድ ብር ነው። ቾው ዩን ፋት ቀረጻ ሲጀመር ጥሎ ወጣ። ቀረጻው ሊያልቅ ሲል በተነሳ የእሳት አደጋ አንድ ስታንት ሠሪ (አደገኛውን ትዕይንት በተዋናዩ ፈንታ የሚሠራ) ሞተ። እንዲህም ሆኖ ፊልሙ ዋናው ቻይና ውስጥ የቲኬት ሪከርድ ሰበረ። በ2010 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለሕይወት ዘመን ሥራው የወርቅ አንበሳ ተሸለመ።

«ሬድ ክሊፍ» ውስጥ ርግብ የት ሊገኝ ነው ብዬ ነበር። አለች! አንዲት ነጭ ርግብ ከወንዙ ወዲህ ትለቀቃለች፤ ካሜራው ተከትሏት በመርከቦቹ ላይ፣ በወታደሩ ላይ፣ ወንዙን ተሻግራ እስከ ጠላት ሰፈር ይሄዳል። መልእክት የምታመላልስ ናት። እንግዲህ ሃያ ዓመት ስትበር ቆይታ ሥራ አገኘች።

የቅርቦቹን በአጭሩ። በ2023 ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሶ «ሳይለንት ናይት» የሚባል ሠራ፣ ንግግር የሌለበት ማለት ይቻላል፣ አክተሩ ድምፁን ያጣ አባት ነው። ገምጋሚዎቹ አዲስ ሙከራ ነው አሉ። የጅማውን ቪዲዮ ቤት አያውቁትም። በ2024 ደግሞ «ዘ ኪለር»ን ራሱ ፓሪስ ላይ እንደገና ሠራው፣ ገዳይዋ በዚህ ጊዜ ሴት ናት። ቅሬታዬን የሰማኝ መሰለኝ፣ ዘግይቶም ቢሆን። የድሮው ግን የድሮው ነው።

ባለፈው ወር አባ ርግብን አገኘሁት። ባጃጅ አለው አሁን፣ ሁለት ልጆች፣ ትንሽ ሆድ። ርግቦቹም አሉ። ቤቱ ጠራኝ፣ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ፣ ባለቤቱ ቡና እያፈላች «ዘ ኪለር»ን ከፈትኩለት። ይሄንን ሳያይ እንዳይሞት ብዬ። በጅማ ሰማይ ላይ ደመና ነበር፣ ግን አልዘነበም፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሻይዋ ትዕይንት ላይ ሳቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ዝም አለ። ርግቦቹ ተነሱ።

«ይሄ ሰውዬ ርግብ አርብቶ አያውቅም» አለኝ።

«እንዴት?»

«ተኩስ ሰምታ ሰው መሀል የምትበር ርግብ የለችም። ወደ ላይ ነው የምትሄደው። እነዚህን ሰው ደብቆ እየለቀቀለት ነው፣ ወላሂ።»

ስለ ንጹሕ ነፍስ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ተኩሱ እየባሰ መጣ። እጁን ዘርግቶ የላፕቶፑን ድምፅ መቀነሻ ፈለገ፣ አጣው፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ድምፁን አጥፋው እስቲ።»

«ምነው?»

በጣቱ ወደ ቆርቆሮው አሳየኝ። «ላይ ያሉት ደነገጡ።»

እውነትም ክንፍ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። አጠፋሁት፣ የቀረውንም ያለ ድምፅ አየነው።